ለሶሪያሲስ፣ ለለምጽና ለቆየ ችፌ የብርሃን ሕክምና፦ የተመላላሽ ታካሚ መመሪያ

የቆዳ ሐኪም "የብርሃን ሕክምና ያስፈልግዎታል" ሲል ብዙ ሰው የካንሰር ጨረር ይመስለዋል። አይደለም። ይህ ሕክምና ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ አንዲት ቀጭን ክፍል ለይቶ ይጠቀማል፤ ዩቪቢ ከሚባለው የአልትራቫዮሌት ብርሃን 311 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብቻ። ባለሙያዎቹ "ናሮውባንድ ዩቪቢ" ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1981 ፓሪሽና ዬኒከ የተባሉ ተመራማሪዎች የሶሪያሲስ (ቆዳው ያለቅጥ እየተራባ ቅርፊት የሚያወጣበት በሽታ) ታካሚዎችን ቆዳ በተለያየ የሞገድ ርዝመት ፈትነው ነበር። ከ290 ናኖሜትር በታች ያለው ብርሃን ቆዳን ቢያቃጥልም በሽታውን አላሻለም፤ 313 አካባቢ ያለው ግን ቆዳው ሳይቃጠል አሻለው። ዛሬ በብዙ አገር ታካሚው ቆሞ ብርሃኑን በሚያገኝባቸው ካቢኖች ውስጥ የሚበሩት የፊሊፕስ ቲኤል ዜሮ አንድ አምፖሎች በዚሁ ክልል የሚያበሩ ናቸው።

ብርሃኑ ቆዳ ውስጥ ከልክ በላይ የተቆጡትን የመከላከያ ሴሎች ያበርዳል። በሶሪያሲስ ያለቅጥ የሚራባውን የቆዳ ሴል ያዘገያል። በለምጽ ደግሞ በፀጉር ሥር የተረፉትን ቀለም ሠሪ ሴሎች ቀስቅሶ ወደ ላይ ያወጣል። መድኃኒት እንደመሆኑ ግን መጠን አለው፤ ሲበዛ ያቃጥላል፣ ሲያንስ ወይም ሲቆራረጥ አይሠራም። ስለዚህ ሕክምናው አልሠራም ከማለት በፊት ስንት ዙር (አንድ ጊዜ ብርሃን መውሰድ አንድ ዙር ነው) እንደተወሰደ፣ ስንቱ እንደተዘለለ፣ መጠኑስ በትክክል እያደገ መጥቶ እንደሆነ መመርመር አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ በሽታው በትክክል ይታወቅ

ነጭ ወይም የነጣ ምልክት ሁሉ ለምጽ አይደለም። ቋቁቻ በፈንገስ የሚመጣ ነው፤ ጭረው በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ይታወቃል፣ በፀረ ፈንገስ መድኃኒትም ይድናል። የነጣው ቦታ የመዳሰስ ስሜቱን ካጣ፣ ማለትም ጥጥ ሲነካው የማይሰማ ከሆነ፣ መጠርጠር ያለበት ሥጋ ደዌ ነው፤ ለእሱ ብርሃን ምንም አይፈይድም፣ በቶሎ ካልታከመም ነርቭ ይጎዳል። ካላዛር ታሞ የዳነ ሰው ላይም ከጊዜ በኋላ የነጡ ነጠብጣቦች ሊወጡ ይችላሉ፤ ይህ ሌላ ሕክምና አለው። ለምጽን ለመለየት ሐኪሙ በጨለማ ክፍል "ዉድ" የሚባል የአልትራቫዮሌት መብራት ያበራበታል፤ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ያጣ ቆዳ እንደ ጠመኔ ደምቆ ይታያል።

ሶሪያሲስም በጠይም ቆዳ ላይ የውጭ መጻሕፍት እንደሚያሳዩት ደማቅ ቀይ አይሆንም። ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ አመድ ያደላ ቡናማ ሆኖ በብር መሳይ ቅርፊት ይሸፈናል፤ ክርን፣ ጉልበት፣ የራስ ቆዳና የታችኛው ጀርባ የሚወዳቸው ቦታዎች ናቸው። በዚህ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ጭርት ተብሎ የፈንገስ ቅባት ሲቀባ የሚቆይ ሰው አለ። ሐኪሙ ከተጠራጠረ ትንሽ ቆዳ ቆርጦ ላቦራቶሪ ይልካል። ይህ ምርመራ የሚያሰለች ቢመስልም አይለፉት። ማይኮሲስ ፈንጎይዲስ የሚባለው ቀስ ብሎ የሚያድግ የቆዳ ሊምፎማ (ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ጥቁር ቆዳ ላይ የነጣ ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ በብርሃን የሚታከም ቢሆንም ክትትሉ ፈጽሞ የተለየ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪሙ የሚነገር

ሉፐስ ወይም ሌላ በፀሐይ የሚብስ በሽታ ካለብዎ፣ የቆዳ ካንሰር ኖሮብዎ ከነበረ ወይም በቤተሰብ ካለ፣ ይናገሩ። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክሙትን ሳይክሎስፖሪን ወይም አዛታዮፕሪን የሚወስድ ሰው ከብርሃኑ ጋር ማጣመር የለበትም፤ የቆዳ ካንሰር አደጋ ይጨምራል። ሜቶትሬክሴት የሚወስዱ ከሆነ በየትኛው ቀን እንደሚወስዱ ያሳውቁ። ቆዳን ለብርሃን የሚያስቆጡ መድኃኒቶች በርካታ ናቸው፦ ዶክሲሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ፉሮሲማይድ፣ ግሪሲዮፉልቪን፣ አሚዮዳሮን። አብዛኞቹ የሚያስቸግሩት ዩቪኤ ከሚባለው ሌላው የአልትራቫዮሌት ዓይነት ጋር ስለሆነ ሁልጊዜ ሕክምናውን አያስከለክሉም፤ ሐኪሙ ግን የመነሻ መጠኑን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ተፈርቶ መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም። በሕክምናው መሀል አዲስ ክኒን ከተጀመረም ቀጣዩ ዙር ሳይሰጥ መነገር አለበት።

የባህል መድኃኒትም ይጠየቃል፣ ሊደበቅም አይገባም። ጤና አዳም ውስጥ ሶራለን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሎሚ ልጣጭና ጭማቂ ውስጥም እንዲሁ። ቆዳ ላይ ታሽተው ፀሐይ ወይም የካቢን ብርሃን ሲያገኛቸው ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ይቃጠላል፣ ከዚያም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ለምጽን "ለማቃጠል" በሚል ቅጠል የሚቀባ ሰው የሚደርስበት ጉዳት በአብዛኛው ይኸው ነው። ሕክምናው እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱንም ከቆዳዎ ያርቁ።

እርግዝና ናሮውባንድ ዩቪቢን አይከለክልም፤ እንዲያውም ክኒን መውሰድ ለማትችል ነፍሰ ጡር ጥሩ አማራጭ ነው። ይሁንና ይህ ብርሃን በደም ውስጥ ያለውን ፎሌት ሊቀንስ ስለሚችል ፎሊክ አሲድ መውሰድን ማቋረጥ አይገባም። ልጆችም መነጽር አድርገው ዝም ብለው መቆም ከቻሉ ይታከማሉ፤ ወላጅም መነጽር አድርጎ አጠገባቸው መቆም ይችላል። ቆሞ መቆየት የማይችል ሰውና ጠባብ ክፍል የሚያስጨንቀው ሰው አስቀድሞ ቢናገር በሩን ገርበብ አድርጎ ወይም በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ማከም ይቻላል።

መጠኑ እንዴት እንደሚወሰን

ይህን ክፍል በጥሞና ያንብቡት፤ ታካሚው ከተረዳው ብዙ ስህተት ቀድሞ ይታያልና። መጠኑ የሚለካው በሚሊጁል በካሬ ሴንቲሜትር ነው። ካቢኑ ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ የሚገኘው የታዘዘውን መጠን ለአምፖሎቹ ኃይል በማካፈል ነው። ለምሳሌ የታዘዘው 400 ሚሊጁል ቢሆንና አምፖሎቹ በካሬ ሴንቲሜትር 4 ሚሊዋት የሚሰጡ ቢሆኑ፣ 400 ለ4 ሲካፈል 100 ሰከንድ ይሆናል። አምፖሎቹ ተቀይረው አዲሶቹ 6 ሚሊዋት ቢሰጡና ባለሙያው ያንኑ 100 ሰከንድ ቢሞላ፣ ታካሚው የሚያገኘው 600 ሚሊጁል ነው፤ ይህም ካሰቡት በግማሽ የበለጠ ስለሆነ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ካርድ ላይ ሰከንድ ብቻ የሚጽፍ ክፍል ከገጠመዎ ሚሊጁሉም እንዲጻፍ በትሕትና ይጠይቁ። አምፖል በተቀየረ ሰሞንም "ኃይሉ ተለክቷል ወይ?" ማለት መብትዎ ነው።

ለሶሪያሲስ የመነሻ መጠን እንደ ቆዳው ዓይነት ይለያል። ከነጭ እስከ ጥቁር በተከፈሉት ስድስት የቆዳ ደረጃዎች አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ይመደባል። በአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች መመሪያ ለአራተኛው 330፣ ለአምስተኛው 350፣ ለስድስተኛው 400 ሚሊጁል ተብሎ ይጀመራል፤ በየዙሩም ከ45 እስከ 65 ሚሊጁል ይጨመራል። ለለምጽ ግን የሰውየው ቆዳ ምንም ያህል ጥቁር ቢሆን መነሻው ዝቅ ያለ ነው፤ 200 ሚሊጁል ተጀምሮ በየዙሩ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይጨመራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚታከመው ቦታ የሚከላከልለት ቀለም የለውም። በ20 በመቶ ሲያድግ 200፣ 240፣ 288፣ ከዚያ 346 ገደማ ይሆናል። ጣሪያውም ለፊት 1500፣ ለሌላው አካል 3000 ሚሊጁል ነው።

ዙሮቹ በሳምንት 3 ጊዜ ቢሆኑ ይመረጣል፤ 2 ጊዜም ይሠራል፣ ብቻ ይዘገያል። በሳምንት 1 ጊዜ መሄድ ግን ሕክምናውን ከመነሻው ማድከም ነው። በተከታታይ ሁለት ቀን አይሰጥም፤ የአንዱ ዙር መቅላት ጎልቶ የሚታየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ ይህ ሳይታወቅ ሌላ መደረብ አደጋ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ወይም ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለብዙ ሰው ይመቻል። ሥራ ቦታዎን፣ የትራንስፖርቱን ዋጋና የክፍሉን ሰዓት መጀመሪያ አስልተው ነው መጀመር ያለብዎት፤ ለ3 ወር በሳምንት 3 ጊዜ መመላለስ ለማይችል ሰው 2 ጊዜ ሳይቋረጥ መሄድ 3 ጊዜ ጀምሮ ከመዝለል እጅግ ይሻላል።

በዙሩ ቀን

ጠዋት ታጥበው ይሂዱ። ቫዝሊን፣ ቅቤ ወይም ወፍራም ቅባት ቆዳው ላይ ካለ ብርሃኑን ያግደዋል፤ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለባቸው ቅባቶችና የፀሐይ መከላከያ ቅባትም (ሰንስክሪን) እንዲሁ። እነዚህን ማታ ወይም ከዙሩ በኋላ ይጠቀሙ። በአንጻሩ ቅርፊቱ ወፍራም ሶሪያሲስ ከሆነ፣ ልክ ወደ ካቢኑ ከመግባት በፊት የሚቀባ ስስ የሕፃናት ዘይት ብርሃኑ እንዲያልፍ ይረዳል። የሚጠቀሙት ከሆነ ግን በየዙሩ ይጠቀሙ፤ አንድ ቀን ቀብተው አንድ ቀን ከተዉ ቆዳው የሚያገኘው መጠን ይዘባረቃል። ሽቶ አይቀቡ።

መከላከያ መነጽር ካቢኑ ሳይበራ ይደረጋል፣ ጠፍቶ በሩ እስኪከፈትም አይወልቅም። ያለ መነጽር የገባ ሰው ዓይኑ ወዲያው ምንም አይለውም፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል፣ ያነባል። ይህ ከሆነ የዓይን ሐኪም ጋ ይሂዱ። የዓይን ቆብ ላይ ለምጽ ያለበት ሰው ብቻ በሐኪም ፈቃድ ዓይኑን ጥብቅ አድርጎ ጨፍኖ ያለ መነጽር ሊታከም ይችላል። ወንዶች ብልታቸውን በወፍራም ጥቁር ካልሲ ወይም ጨርቅ ይሸፍኑ፤ በዚያ ቦታ ያለው ቆዳ ለካንሰር የበለጠ ተጋላጭ ነው። ፊትዎ በሽታ ከሌለበት ይሸፈን። ከንፈር ላይ ሰንስክሪን ያድርጉ፤ ብርሃኑ የተኛውን የከንፈር ሄርፒስ ይቀሰቅሳልና።

የሚለብሱት የውስጥ ሱሪ በየዙሩ አንድ ዓይነት ይሁን። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ቃጠሎ ያመጣል። ለ15 ዙር ተሸፍኖ የቆየ ወገብ በ16ኛው አጭር ሱሪ ሲለበስ፣ ሌላው ቆዳ ለምዶት የነበረውን ከፍተኛ መጠን አንድ ጊዜ ይቀበላል። ፀጉርን ተላጭቶ መምጣትም እንዲሁ ነው፤ የአንገትና የጆሮ አካባቢ አዲስ የተገለጠ ቆዳ ይቃጠላል። ሹሩባ ተፈትቶ ሌላ ሲሠራ የራስ ቆዳ መሥመሮች ይቀየራሉና ለባለሙያው ይንገሩ። የአንገት ሐብልና ማተብ አንድ ጊዜ ከወለቁ ሁልጊዜ ይውለቁ፤ ከተደረጉም ሁልጊዜ ይደረጉ።

ካቢኑ መሀል ላይ ምልክት አለ፤ እዚያ ይቁሙ። ወደ አንዱ ጎን የተጠጋ ሰው በዚያ በኩል የበለጠ ያገኛል። እጅ ከሰውነት ራቅ ይበል፤ የብብት ወይም የጡት ሥር በሽታ ካለ ክንድን ማንሳት ወይም ጡትን ማንሳት በየዙሩ ተመሳሳይ መሆን አለበት። አምፖሎቹ ወደ ጫፋቸው ስለሚደክሙ የእግር ታችኛው ክፍል ሁልጊዜ ያነሰ ብርሃን ያገኛል። የቅልጥም ሶሪያሲስ ከሌላው ዘግይቶ ከቀረ ዝቅተኛ መቆሚያ ላይ መቆም ይረዳል፤ መቆሚያው ላይ መቆም ሲጀመር ግን እግሩ ቀድሞ ከሚያገኘው የበለጠ እንደሚያገኝ ባለሙያው አስቦበት ነው።

የመጀመሪያው ዙር ከ2 ደቂቃ ላይበልጥ ይችላል፤ ደረጃ በደረጃ ወደ ብዙ ደቂቃ ያድጋል። ከመግባትዎ በፊት ባለሙያው "ከባለፈው በኋላ ምን ሆነ?" ብሎ ካልጠየቀዎ እርስዎ ይናገሩ፦ ቀላ? ስንት ሰዓት ቆየ? አመመ? አዲስ መድኃኒት አለ? ፀሐይ ላይ ውለው ነበር? መጠኑ የሚጨመረው በዚህ መልስ ነው። "ደህና ነኝ" ብሎ ማለፍ ይሉኝታ እንጂ ጥቅም የለውም።

ከዙሩ በኋላ

ታጥበው ወይም ሳይታጠቡ ቆዳውን በለስላሳ ቅባት ያርጥቡት። ካልሲፖትሪዮል የሚጠቀም ሰው ሁልጊዜ ከዙሩ በኋላ ይቀባው፤ ብርሃኑ መድኃኒቱን ያበላሸዋል። ታክሮሊመስ ለለምጽ ማታ ማታ ይቀባል። ስቴሮይድ ቅባት ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ይቀጥላል። ለሶሪያሲስ ግን የዴክሳሜታዞን መርፌ ወይም የፕሬድኒሶሎን ክኒን በራስ ፈቃድ ከመግዛት ይጠንቀቁ፤ ሲወስዱት ቆዳው ይጠራና ሲቋረጥ በሽታው ከነበረው ብሶ፣ አንዳንዴም መግል ቋጥሮ ይመለሳል።

በዙሩ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ፀሐይን ይሽሹ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2400 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ በየ1000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ደመናም ሙሉ በሙሉ አያግዳትም። ስስ ነጠላ ጨረሩን በከፊል ያሳልፋል፤ ጋቢ፣ ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ይሻላሉ።

ሲቃጠል

ፈካ ባለ ቆዳ ላይ መቅላት በዓይን ይታያል፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ሊሰወር ይችላል፣ ስለዚህ በእጅ ይመርመሩት። ሙቀቱ ከጎኑ ካለው ቆዳ ይበልጣል? ሲነኩት ያማል? ልብስ ሲነካው ይለበልባል? ወጠር ይላል? ለምጽ ያለበት ሰው ዕድለኛ ነው፤ ነጩ ቦታ ራሱ መስታወት ነውና ፈካ ያለ ሮዝ ቀለም ያሳያል። ያ ሮዝ ሳያምም መጥቶ እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ቢጠፋ መጠኑ በትክክል ቦታው ደርሷል ማለት ነው፤ እንዲያውም የሚፈለገው ይህ ነው።

ሮዝ ሆኖ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየና ካላመመ፣ መጠኑ ባለበት ይቆያል፤ አይጨመርም። ደማቅ ቀይ ከሆነ ወደ ሮዝ እስኪመለስ ዙር ይቆማል፣ ከዚያ ቀድሞ በደህና በተቻለው መጠን ይቀጥላል። ካመመ ወይም ውሃ ከቋጠረ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ይቆማል። ለቃጠሎው ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ መሸፈን፣ ለስላሳ ቅባት መቀባት፣ ሐኪም ከፈቀደ አይቡፕሮፌን መውሰድ ይረዳል። የቋጠረውን ውሃ አያፍርጡ። ቡና፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ማር አይቀቡበት። ውሃ የቋጠረው ቦታ ሰፊ ከሆነ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ይታዩ።

የተዘለሉ ዙሮች

ይህ ነው ሕክምናውን የሚበላው። ከ4 እስከ 7 ቀን ከቀሩ ያለፈው መጠን ይደገማል እንጂ አይጨመርም። ከ8 እስከ 14 ቀን ከሆነ በ25 በመቶ ይቀነሳል። 2 ሳምንት አልፎ እስከ 3 ሳምንት በግማሽ ይቀነሳል፤ ከ3 ሳምንት በላይ ከሆነ ከመነሻው ይጀመራል። ምክንያቱ ቆዳው የለመደውን የመከላከያ ውፍረት ስለሚያጣ ነው። ለትንሣኤ ወይም ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት ሄዶ 10 ቀን የቆየ ሰው ተመልሶ በቀድሞው መጠን ቢገባ ይቃጠላል። ስንት ቀን እንደቀሩ ባለሙያው ከካርዱ ቆጥሮ ማወቅ ቢገባውም እርስዎም ይቁጠሩ።

መብራት ሲጠፋም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻል። በዙሩ መሀል ካቢኑ ቢጠፋ ስንተኛው ሰከንድ ላይ እንደነበር ወዲያው ይመዝገብ። መብራት ሲመጣ ብዙ ማሽኖች ሰዓታቸውን ከዜሮ ይጀምራሉ፤ ሙሉ መጠኑን ደግሞ ማስኬድ ማለት አንድን ቆዳ ሁለት ጊዜ መጥበስ ነው። የቀረችው ጊዜ ብቻ ትሰጣለች፤ መዝገቡ ካልታወቀ ግን ዙሩ እንደተሰጠ ተቆጥሮ ለሚቀጥለው ቀጠሮ መተው ነው የሚሻለው። በጄኔሬተር ሲሠራ ኃይሉ ዝቅ ካለ አምፖሎቹም ይደክማሉ፤ በሰከንድ ብቻ የሚሠራ ማሽን ይህን አያውቅም። ክፍሉን ለሚያስተዳድሩ ሰዎች፦ ጠዋት የመጀመሪያው ታካሚ ሳይገባ አምፖሎቹ 5 ደቂቃ ያህል ይሙቁ፤ ኃይላቸው በመለኪያ መሣሪያ በየጊዜው ይለካ፤ መለኪያው ራሱም በዓመት አንድ ጊዜ ይፈተሽ።

ምን ያህል ጊዜ ይጠበቅ?

ሶሪያሲስ ለሕክምናው በቶሎ ምላሽ ይሰጣል። ቅርፊቱ መሳሳት የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ብዙዎች ከ20 እስከ 36 ዙር ባለው ይጠራላቸዋል፣ ማለትም ከ2 እስከ 3 ወር። የጠራው ቦታ ከዙሪያው ነጣ ወይም ጠቆር ብሎ ሊቀር ይችላል፤ ይህ ቀለም ነው እንጂ በሽታው አይደለም፣ በጊዜ ይስተካከላል። የቆየ ችፌም በተለይ ማሳከኩ ቀድሞ ይቀንሳል፤ መጀመሪያ ላይ ሙቀቱ ሊያባብሰው ስለሚችል መጠኑ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።

ለምጽ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ እዚህ ላይ ታካሚው እንዳይታለል እንፈልጋለን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለምጹ የባሰ ሊመስል ይችላል፤ ዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳ በብርሃኑ ስለሚጠቁር ነጩ የበለጠ ጎልቶ ይታያል። ሰው ደንግጦ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ቀለም ሲመለስ በነጩ መሀል በፀጉር ቀዳዳዎች ዙሪያ ትናንሽ ቡናማ ነጥቦች ሆኖ ይወጣል፤ ነጥቦቹ እየሰፉ ይገናኛሉ። ሴሎቹ የሚመጡት ከፀጉር ሥር ስለሆነ ፀጉሩ ራሱ የነጣበት ቦታ፣ ፀጉር የሌለው የጣት ጫፍና ከንፈር በብርሃን ብቻ እምብዛም አይመለሱም። ፊትና አንገት ከሁሉ ይሻላሉ፤ እጅና እግር መጨረሻ ናቸው። "አልሠራም" ለማለት ቢያንስ 48 ዙር ያስፈልጋል፤ ለውጡ ቀስ ብሎ በሚታይበት ሰው ላይ 72። አንድ ዓመት መፍጀቱ የተለመደ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለውጥን በትዝታ መለካት አይቻልም፤ በየ3 ወሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃንና በአንድ ርቀት ፎቶ ያንሱ።

ቤት ውስጥ፣ በፀሐይና በሌላ አገር

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖች በሐኪም ትእዛዝ የቤት መሣሪያ ማግኘት ይችሉ ይሆናል። በአሜሪካ 783 የሶሪያሲስ ታካሚዎችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ላይት የተባለ ጥናት፣ በቤት የሚሰጠው ከክሊኒኩ እንደማያንስና ሰዎች ዙሩን በተሻለ እንደሚጠብቁ አሳይቷል። ሲገዙ ሞገዱ 311 ናኖሜትር መሆኑን፣ ራሱ የሚያጠፋ ሰዓት እንዳለው፣ ልጆች እንዳያበሩት ቁልፍ እንዳለው ያረጋግጡ። በእጅ የሚያዘውን መሣሪያ የአጠቃቀም መጽሐፉ ከሚለው ርቀት ማስጠጋት መጠኑን ይጨምራል። ለጥፍር ቀለም ማድረቂያ የሚሸጠው መብራትና ቆዳ ማጥቆሪያ አልጋ ይህን ሕክምና አይተኩም። ከኮሮና ወዲህ የተስፋፉት ጀርም ገዳይ የዩቪሲ አምፖሎች ደግሞ 254 ናኖሜትር ናቸው፤ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላሉ እንጂ ሶሪያሲስን አያክሙም። በፍጹም አይሞክሯቸው።

እስራኤል ለሚኖሩ ሙት ባሕር ሌላ መንገድ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል ወደ 430 ሜትር ዝቅ ያለ በመሆኑ ወፍራሙ አየር አቃጣዩን ዩቪቢ በከፊል ያጣራዋል፤ ለሶሪያሲስ የተለመደው ቆይታ 4 ሳምንት ነው። ይህም በሐኪም ሰዓት ተሰፍሮ የሚሰጥ እንጂ ዝም ብሎ ፀሐይ መሞቅ አይደለም።

ማሽን ከሌለበት ከተማ የመጡ ሰዎች "ፀሐይ ብንሞቅስ?" ይላሉ። የጠዋት ወይም የማታ ፀሐይ በሐኪም ምክር፣ ከጥቂት ደቂቃ ተጀምሮ፣ ለአንዳንዱ ይረዳል፤ ችግሩ መጠኑ የማይለካና በየሰዓቱ የሚቀያየር መሆኑ ነው። በመስኮት መስታወት ውስጥ መሞቅ ግን ከንቱ ነው፤ መስታወት ዩቪቢን ያግዳል።

ፑቫ የሚባለው የቆየ ዓይነት አሁን ቀንሷል። ሜቶክሳለን የሚባል የሶራለን ክኒን በኪሎ ክብደት ከ0.4 እስከ 0.6 ሚሊግራም ተውጦ ከ1 እስከ 2 ሰዓት በኋላ ዩቪኤ ይሰጣል። ያቅለሸልሻል፣ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ የቆዳ ካንሰር አደጋውም ከናሮውባንድ ይበልጣል። ዩቪኤ በመስታወት ስለሚያልፍ ክኒኑን የዋጠ ሰው ቤት ውስጥም መስኮት አጠገብ እስከ 24 ሰዓት የዩቪኤ መከላከያ መነጽር ያድርግ።

ሲያበቃ

የለምጽ ሕክምና በድንገት አይቆምም። የመጀመሪያው ወር በሳምንት 2 ጊዜ፣ ሁለተኛው ወር በሳምንት 1 ጊዜ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ወር በ2 ሳምንት 1 ጊዜ እየተባለ ይቀነሳል። ሶሪያሲስ ሲጠራ አንዳንዱ ሐኪም ወዲያው ያቆማል፣ አንዳንዱ እያራራቀ ይቀጥላል፤ በየስንት ጊዜው እንደሚመለስብዎ አይተው አብረው ይወስኑ። የብሪታንያ ሐኪሞች ከ500 በላይ የናሮውባንድ ዙር ወይም ከ200 በላይ የፑቫ ዙር የወሰደ ሰው ቆዳው በየዓመቱ እንዲመረመር ያደርጋሉ። ይህ ቁጥር በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ በሁለትና በሦስት ክሊኒክ፣ በዓመታት ተጠራቅሞ ነው የሚሞላው። ስለዚህ የዙር ካርድዎን ኮፒ አስደርገው፣ ጠቅላላ ዙሩን፣ የመጨረሻውን መጠንና የተቃጠሉበትን መጠን ጽፎ የያዘ አንድ ወረቀት ከእርስዎ ጋር ይቆይ። በሽታው ሲመለስ ወይም ሌላ ከተማ ሲገቡ አዲሱ ሐኪም የሚጠይቀዎ የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው።